በሁለቱም ጫፍ ስፒና
ደሴ ፒያሳ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ እሠራለሁ። መብራት ሲጠፋ የጀነሬተሩ ጩኸት አያስጨንቀኝም፤ የሚያስጨንቀኝ በሁለቱም ጫፍ ስፒና የታሰረበት ገመድ ነው። አንዱ ጀነሬተሩ ላይ፣ ሌላው የግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ቤቱም በሙሉ ይበራል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ መብራት በተቋረጠ ጊዜ ብዙ ሰው በዚህ መላ ነበር ያለፈው። ችግሩ አለፈ፣ ገመዱ ቀረ።

ብሬከሩ ካልወረደ ኃይሉ ቆጣሪውን አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር 15 ሺህ ቮልት ተቀብሎ ለቤት 220 ያደርሳል፤ ከታች 220 ከገባበት ደግሞ መልሶ ወደ 15 ሺህ ይሰቅለዋል። «ጀነሬተሬ የሰፈሩን ጭነት አይችልም፣ ይጠፋል» የሚሉኝ አሉ። አንዳንዴ እውነት ነው። መስመሩ ቅርብ ቦታ ተበጥሶ ከሆነ ግን የሚሸከመው ጭነት ጥቂት ቤት ብቻ ነው። የመብራት ኃይል ሠራተኛ ምሰሶ ላይ የሚወጣውም የተበጠሰ ሊቀጥል ነው።

አንዱን ስፒና ነቅላችሁ ብትይዙትም እግሮቹ ላይ ኤሌክትሪክ አለ፤ ልጅ ቢነካው ይይዘዋል።

«ሁሌ ብሬከሩን አውርጄ ነው የማስነሳው፣ አብሽር» ይለኝ ነበር አንድ ባለሱቅ። አውቃለሁ፣ ያወርደዋል። እሱ ገበያ የሄደ ቀን የሚያስነሳው ግን ልጁ ነው። ቼንጅ ኦቨር የሚባለው ማብሪያ ማጥፊያ በሰው ማስታወስ አይመካም፤ እጀታው ወይ ወደ ቆጣሪው ወይ ወደ ጀነሬተሩ ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አያገናኝም። ከገጠምኩለት በኋላ ገመዱን «ለክፉ ቀን» ሊያስቀምጠው ሲል አንዱን ስፒና ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት።

ኢንቨርተር ደግሞ ድምፅ ስለሌለው ይናቃል። ሶኬት ላይ ከሰካችሁት፣ የመስመሩ መብራት ሲመለስ ተጋጭተው ኢንቨርተሩ ይቃጠላል። ባትሪው 12 ቮልት ነውና አይነዝርም፤ 1 ሺህ ዋት ሲሠራ ግን ከ80 አምፔር በላይ ይስባል። በቀጭን የአምፖል ገመድ ካሰራችሁት ላስቲኩ ይቀልጣል። አጭርና ወፍራም ገመድ፣ ባትሪው ጥግ ላይ ፊውዝ ይፈልጋል።

የደሴ ከፍታም አለ። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሞተር አየር ያጥረዋል፣ ከተጻፈበት ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ከደሴ ዝቅ ያለችው ኮምቦልቻ ላይ ያነሳውን ጭነት እዚህ አያነሳም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ብርዱንና ሌባውን ፈርቶ ጀነሬተሩን ሱቅ ውስጥ የሚያስነሳው ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ በር ገርበብ ማድረግም አይበቃውም። ዝናብ ከሆነ ከመስኮትና ከበር ርቆ ውጭ እንዳለ ከላዩ ቆርቆሮ ይጣልለት።