የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ ለማስገባት ማኅበራት ሊያደርጉት የሚገባ ዝግጅት

በአርሲና በባሌ ስንዴ አብቃይ ወረዳዎች ሰብሉ ደርሶ ኮምባይነር በወቅቱ ካልተገኘ ፍሬው ይረግፋል፤ ያለ ጊዜው የሚጥል ዝናብም ያበላሸዋል። ስለዚህ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የራሳቸውን መሣሪያ ከውጭ ለማስመጣት ማሰባቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የቀረጥ ነፃ ፈቃድ አስቀድሞ ካልተያዘ መሣሪያው ሞጆ ደረቅ ወደብ ቆሞ የመጋዘን ኪራይ ሲቆጠርበት አዝመራው ያልፋል።

የቀረጥ አተሳሰብ

ቀረጥ የሚታሰበው በመግዣው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን የመድንና የማጓጓዣ ወጪ ተደምሮበት ነው። ድምሩ 2,000,000 ብር፣ የቀረጡ ልክም 10 በመቶ ነው ብንል ቀረጡ 200,000 ብር ይሆናል። 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ በ2,200,000 ብር ላይ ስለሚታሰብ 330,000 ብር ይደርሳል። ሁለቱ ብቻ 530,000 ብር ይሆናሉ ማለት ነው።

መብቱ

በ2011 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የእርሻ ሜካናይዜሽን፣ የመስኖና የእንስሳት መኖ ማቀነባበሪያ መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲገቡ ፈቅዷል። የዕቃዎቹ ዝርዝርና መመሪያው ሊሻሻል ስለሚችል ከግዢ በፊት የጉምሩክ ኮሚሽንን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቅደም ተከተል

ሀ) የመሣሪያውን የታሪፍ ቁጥር መለየት። ትራክተር በ87.01፣ ማረሻና መከስከሻ በ84.32፣ ማጨጃና መውቂያ በ84.33፣ የውሃ ፓምፕ በ84.13 ይመደባሉ።

ለ) ሞዴሉን፣ የሞተሩን ጉልበትና ብዛቱን በግልጽ የሚያሳይ ፕሮፎርማ ከሻጩ መቀበል። መለዋወጫ የሚመጣ ከሆነ በዝርዝር ይጻፍ።

ሐ) የማኅበሩን የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የጠቅላላ ጉባኤውን ውሳኔና የግብርና መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ አሟልቶ መያዝ።

መ) ዕቃው ከመጫኑ በፊት ማመልከት። በፈቃዱ፣ በኢንቮይሱና በጭነት ሰነዱ ላይ ያለው የዕቃ ስምና ብዛት አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ካልተመሳሰለ ዕቃው ሳይለቀቅ ይዘገያል።

ግዴታው

ከቀረጥ ነፃ የገባ መሣሪያ ለተፈቀደለት ሥራ ብቻ ይውላል። መብቱ ለሌለው ሰው ቢሸጥ ወይም ቢተላለፍ ቀረጡ ይከፈልበታል፤ ያለ ፈቃድ ማስተላለፍም በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ያስቀጣል። ስለሆነም ማኅበሩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሥራ መዝገብ ይክፈት፤ ፈቃዱንና ዲክላራሲዮኑንም በአንድ ፋይል ያስቀምጥ።

የልማት ሠራተኞች ይህን ለአባላት ሲያስረዱ ቀኑን ከአጨዳው ወር ወደ ኋላ ቆጥረው ማመልከቻው የሚገባበትን ጊዜ ከማኅበሩ አመራር ጋር ይወስኑ።