ዓመታት የተቀቡት የፀጉር ቀለም አያሳብጥም?

«ይህን ቀለም አሥር ዓመት ተቀብቼዋለሁ፤ እሱ ሊሆን አይችልም።» የዐይኗ ቆብ አብጦ፣ ጆሮዋና አንገቷ ውሃ ቋጥሮ የሚያሳክካት ሴት ብዙ ጊዜ የምትለው ይህንኑ ነው። ጥፋቱ በበላችው ዓሣ ወይም በምች ላይ ይላከካል። እብጠቱ ሲጎድል ያንኑ ቀለም ደግማ ትቀባለች፤ የሁለተኛው ዙር ጉዳት ደግሞ ከፊተኛው ሊብስ ይችላል።

ሐሳቡ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። እንደ በረኪና ያለ ቆዳን በቀጥታ የሚያቃጥል ነገር ከመጀመሪያው ቀን ያስታውቃል። የንክኪ አለርጂ ግን የሚመጣው ሰውነት ነገሩን ከለመደው በኋላ ነው። በብዙ ጥቁር ቀለሞች ውስጥ ያለውን ፓራፌኒሊንዲያሚን (ፒፒዲ) የመከላከያ ሕዋሳት አንድ ቀን እንደ ጠላት ይይዙታል። ያ ቀን በሁለተኛው ቅብ ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ አስቀድሞ የሚያውቀው ሐኪም የለም። አንዴ ከያዙት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይለቁትም።

ቀለሙ ሳይጠረጠር የሚያልፈው በሁለት ምክንያት ነው። ምልክቱ ዘግይቶ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ዓርብ ለሠርግ የተቀባችው እሑድ ስታብጥ የሠርጉ ምግብ ይወቀሳል። የራስ ቆዳ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ የሚጎዳው ስስ የሆነው የዐይን ቆብ፣ የጆሮና የአንገት ቆዳ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ጥቁር ሂና»ን «ተፈጥሯዊ ነው» እያሉ በሕፃናት እጅ ላይ የሚሥሉ ሰዎች ናቸው። ንጹሕ ሂና ከብርቱካንማ እስከ ቡናማ ነው። ወዲያው ኩል የሚመስለው ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ተቀላቅሎበታል። የአውሮፓ ኅብረት በፀጉር ቀለም ውስጥ ከ2 በመቶ በላይ ፒፒዲ አይፈቅድም፤ ቆዳን በእሱ ማስዋብንም ከልክሏል። በልጅነቱ በዚያ ሥዕል አለርጂ የያዘው ሰው አድጎ ፀጉሩን ሲቀባ ሆስፒታል ሊተኛ ይችላል። ይህን እያወቁ መሣል ነውር ነው። «አሞኒያ የለውም» የሚለው ጽሑፍም ፒፒዲ የለውም ማለት አይደለም።

የደም ምርመራ ይህን አለርጂ አያሳይም። የሚያሳየው የፓች ምርመራ ነው፦ ተጠርጣሪዎቹ ንጥረ ነገሮች ጀርባ ላይ ተለጥፈው 48 ሰዓት ይቆያሉ፤ ሲነሡ ይታያሉ፣ ከ72 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜም በድጋሚ ይታያሉ። ምርመራው በየክሊኒኩ ስለማይገኝ ከእብጠቱ በፊት በነበረው ሳምንት ቆዳን የነካውን ሁሉ ለሐኪም መንገር ትልቅ ዋጋ አለው።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ነጭ ሽንኩርት መለጠፍ ቆዳውን ያቃጥላል። የአለርጂ ኪኒን እንቅልፍ ያመጣ እንደሆነ እንጂ ሽፍታውን አያጠፋም፤ ኒዮማይሲን ያለበት ቅባት ደግሞ ራሱ ሌላ አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል። ሕክምናው ቀለሙን ማቆምና ሐኪም ለቦታው የመረጠውን የስቴሮይድ ቅባት መጠቀም ነው። ጉዳቱ ከሰፋ ሐኪም ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ የሚቀነስ የስቴሮይድ ኪኒን ሊያዝዝ ይችላል፤ በአምስት ቀን ከተቋረጠ እብጠቱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ፒፒዲ የማይስማማው ሰው ቤንዞኬይን ያለበት የማደንዘዣ ቅባትም ላይስማማው ስለሚችል፣ ለጥርስ ሐኪሙም አስቀድሞ ይንገር።