ፎርማት የማያድነው ስክሪን

ካማሺ ከተማ ውስጥ አንድ የታይፕና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጬ ወረቀቴ እስኪባዛ ስጠብቅ አንድ መምህር ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ገባ። «ደግሞ ጀመረው!» አለ ለባለሱቁ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። የተማሪዎች ሮስተር እየሞላ ሳለ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠቁራል፤ ወዲያው ይመለሳል፤ ጥግ ላይ ዲስፕሌይ ድራይቨሩ (ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) ቆሞ እንደነበርና እንደተመለሰ የሚገልጽ የእንግሊዝኛ መልእክት ብቅ ይላል። ሲብስበት ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ለዚሁ ችግር ስንት ጊዜ ፎርማት እንዳስደረገ መምህሩ ራሱ ዘንግቶታል። ይከፍላል፣ ማሽኑ ለጥቂት ሳምንታት ሰላም ይሆናል፣ ከዚያ እንደገና ይጀምረዋል።

አሮጌ ማሽን መበላሸቱ አይደንቅም። የከነከነኝ በየጊዜው ተሠርቶ በየጊዜው በዚያው መንገድ መበላሸቱ ነው። ከዚያ በኋላ በካማሺም በአሶሳም የቆየ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ሳገኝ መጠየቅ ልማዴ ሆነ። የጽሕፈት ሠራተኛዋም፣ የጤና ባለሙያውም፣ የኮሌጅ ተማሪውም የነገሩኝ ያንኑ ነው።

ነገሩን ያፍታታልኝ ያው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ነው። ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም። «ፎርማት ያደረገ ሁሉ ጠገነ ማለት አይደለም፤ ጊዜ ገዛለት እንጂ» ይላል። «ሰው ፎርማት አድርግልኝ ብሎ ይመጣል። ችግሩ በፎርማት አይፈታም ብለው ሥራ አይችልም ይለኛል። ስለዚህ አደርግለታለሁ። ከወር በኋላ እኔኑ ሊሰድበኝ ይመጣል።»

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ 10 አዲስ ሲጫን ስክሪኑን መጀመሪያ የሚያንቀሳቅሰው ማይክሮሶፍት ከሲስተሙ ጋር የሚልከው መነሻ ድራይቨር ነው። ፕሮጀክተር አይቀበልም፣ ብርሃን መቀነስና መጨመር አይችልም፤ ግን የግራፊክስ ቺፑን ብዙም ስለማያሠራው አያስቸግርም። ባለቤቱ «ተሠራልኝ» ብሎ ይሄዳል። ኢንተርኔት ባገኘ ቀን ዊንዶውስ ማንንም ሳይጠይቅ ለቺፑ ይስማማል ያለውን ድራይቨር ያወርዳል። ያ ድራይቨር የላፕቶፑ አምራች ለዚያ ሞዴል ያስተካከለው ላይሆን ይችላል፤ በብዙ አሮጌ ማሽኖች ላይም አይደለም። ድርግም ማለቱም ይመለሳል።

ስክሪኑ ጠቁሮ የመመለሱ ታሪክ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የስክሪን ድራይቨር ከተንጠለጠለ ኮምፒውተሩ አብሮ ይሞት ነበር። በፈረንጆቹ 2007 ለገበያ የበቃው ቪስታ ይህን ለማስቀረት አንድ ዘበኛ አቆመ፤ የግራፊክስ ቺፑ ለ2 ሰከንድ መልስ ካልሰጠ ሲስተሙ ቺፑን ከባዶ ያስነሳዋል። መምህሩ የሚያየው ጥቁረት ይኸው ነው። በ60 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ከተደጋገመ ዘበኛው ተስፋ ይቆርጥና ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል። ቪስታ ዘበኛውን ቢያቆምም ድራይቨሮቹ አልተዘጋጁም ነበር። ማይክሮሶፍት በቪስታ ምክንያት ተከስሶ ፍርድ ቤት ያስወጣቸው ሰነዶች እንዳሳዩት፣ በ2007 ከተመዘገቡት የቪስታ ብልሽቶች 28.8 በመቶ የሚሆኑት የግራፊክስ ቺፕ አምራቹ የኤንቪዲያ ድራይቨሮች ያመጧቸው ነበሩ።

ኤንቪዲያ በዚያው ሰሞን የባሰ ጣጣ ገጥሞታል። ሐምሌ 2008 (በፈረንጆቹ) በላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ የማሸጊያ ቁሳቁስ ድክመት እንዳለ አምኖ ለጥገናና ለምትክ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብ አስታወቀ። ቺፑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን ብየዳዎች ይሰነጠቃሉ። ይህንን ፎርማትም ድራይቨርም አያድነውም። ካማሺ ደግሞ ቆላ ናት፤ አቧራው የማቀዝቀዣውን ፋን ይደፍነዋል። ባለሱቁ ለመለየት ቀላል ዘዴ አለው፦ «ማሽኑን ሳስነሳ፣ ዊንዶውስ ሳይጀምር፣ የኩባንያው አርማ ላይ መስመር ካየሁ እጄን አወጣለሁ። ያ ቺፑ ነው። አርማው ንጹሕ ሆኖ ዊንዶውስ ከገባ በኋላ ከሆነ ግን ድራይቨር ነው፤ እሱን እኔ አውቃለሁ።»

የሚያውቀውም ቀላል ነገር ነው። መጀመሪያ አቧራውን ያወጣል። ከዚያ የተበላሸውን ድራይቨር ከሴፍ ሞድ ገብቶ ጨርሶ ያጠፋል፤ ኢንተርኔቱን ነቅሎ የአምራቹን የድሮ ድራይቨር ይጭናል፤ በመጨረሻ ዊንዶውስ በራሱ ድራይቨር እንዳያወርድ ይዘጋል። የድሮዎቹን ድራይቨሮች በየሞዴሉ ለይቶ ያስቀመጠባት አንዲት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለችው። «ይቺ ከሱቁ ትበልጣለች» አለኝ። «ሌባ ቢመጣ ሱቁን ይውሰድ። ይቺን ከወሰደ ካማሺ ነው የተሰረቀው።»

እንዲህ የሚያናግረው ምክንያት አለው። የ2011 (በፈረንጆቹ) የኢንቴል ሁለተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ላለው ላፕቶፕ ኢንቴል የዊንዶውስ 10 ግራፊክስ ድራይቨር አላወጣም። ኤኤምዲም 5000 እና 6000 ተከታታይ ካርዶቹን በፈረንጆቹ 2015 ከመደበኛ ድጋፍ አስወጥቷል። የኢንቴልን ድራይቨር አውርደው ሊጭኑ ቢሞክሩ «ለዚህ ኮምፒውተር አልተረጋገጠም፣ አምራቹን ጠይቁ» ይላል። አምራቹ ደግሞ ከቆየ ሞዴል ፊቱን አዙሯል። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን አቆመ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም፤ የመምህሩ ማሽን በር ላይ ይቀራል።

አዲስ ግዛ ማለት ቀላል ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። በዚያው ወር አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ለማሠልጠን ሀገራዊ ዕቅድ ይፋ ሆነ፤ ኮደሩ የሚማርበት ላፕቶፕ ግን ያው ድርግም የሚለው ነው። መንገዱም ሌላ ፈተና ነው፦ ከአሶሳ ካማሺ ለመድረስ በምዕራብ ወለጋ ማለፍ ግድ ነው፤ ከመስከረም 2011 ዓ.ም. ወዲህ የተነሣው ግጭት ይህን ጉዞ ሲያስተጓጉል ኖሯል። ዕቃም ጠጋኝም እንደልብ አይመጣም።

ጉዳዩ የሚመለከታቸውን አንድ ኃላፊ ሳነጋግር ለመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ሲገዛ ድራይቨሩ ለምን አብሮ እንደማይመዘገብ ጠየቅሁ። «ይህ የግዥ ጉዳይ ነው» አሉኝ። ግዥ ክፍሉ ደግሞ «የባለሙያ ጉዳይ ነው» አለ። በደብዳቤ ጠይቅ ተብዬ ጠየቅሁ፤ መልስ የለም። በመካከሉ ሮስተር ይዘገያል፣ የተማሪ ሰርተፍኬት ይዘገያል፣ ደመወዝተኛው ለፎርማት ይከፍላል፣ መሥራት የሚችል ማሽን «የተበላሸ ንብረት» ተብሎ መጋዘን ይገባል።

እንግዲህ ለቢሮዎችና ለትምህርት ቤቶች አንድ ነገር እላለሁ። ላፕቶፕ በሞዴል 19 የንብረት ደረሰኝ ገቢ ሲደረግ የአምራቹ ድራይቨር በፍላሽ ተቀድቶ አብሮ ገቢ ይሁን፤ ማሽኑ በሞዴል 22 ደረሰኝ ወጪ ሲሆን ፍላሹም አብሮት ይውጣ። የግል ላፕቶፕ ያላችሁም ማሽኑ ደህና ሳለ ድራይቨሩን ዛሬውኑ ቅዱ፤ ጠጋኝ «ፎርማት ላድርገው» ሲላችሁም በመጀመሪያ «ድራይቨሩ አለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።