ስለ ማቀዝቀዣ ሙቀት ለኪ ሕመምና ስለ ምርመራው

በየቤታችን የቆመው ፍሪጅ ቅዝቃዜን የሚፈጥር ቢመስለንም፥ በእውነቱ ሥራው በሆዱ ውስጥ ያለውን ሙቀት እየቀዳ ወደ ውጭ ማፍሰስ ነው፤ ይህንንም ሥራ ሌትና ቀን ሳያቋርጥ ቢሠራ ጎመኑና ወተቱ ሁሉ በረዶ ይሆን ነበርና፥ መቼ እንዲጀምርና መቼ እንዲያርፍ የሚያስታውቀው ሙቀት ለኪ ያስፈልገዋል። ይህ ሙቀት ለኪ፥ ጠጋኞቻችን ሴንሰር የሚሉት፥ በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ጫፍ ላይ ተተክሎ በፕላስቲክና በሙጫ የታሸገ፥ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ቅንጣት ነው። ከትንሽነቱም የተነሣ ማንም አያስታውሰውም፤ ፍሪጁ ጠባዩን በለወጠ ጊዜ ክሱ በመጀመሪያ በኮምፕረሰሩ ላይ፥ ቀጥሎም «ጋዙ አልቋል» በሚል በጋዙ ላይ ይወድቃል። ብዙ ገንዘብ ከወጣና ብዙ ምግብ ከተደፋ በኋላ ጥፋቱ የዚያች ቅንጣት ሆኖ መገኘቱ እጅግ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም የሙቀት ለኪ ሕመም፥ መርማሪው በሥርዓት ከጠየቀው፥ ከየት እንደ መጣ ራሱ የሚናገር ሕመም ነው።

የዚህች ቅንጣት ጥበብ መሠረቱ ከፍሪጅ ዘመን ይቀድማል። ማይክል ፋራዴይ የተባለው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1833 ከብርና ከድኝ የተዋሐደውን ማዕድን እያሞቀ ሲመረምር፥ እንደ ብረታ ብረት ሁሉ በሞቀ ቁጥር ኤሌክትሪክን የማሳለፍ ችሎታው ሊደክም ሲገባው፥ በተቃራኒው እየበረታ መሄዱን አስተዋለ። በመዳብና በመሰሎቹ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች ቀድሞውኑ ነጻ ናቸውና፥ ሙቀት በተጨመረ መጠን የአቶሞቹ መንቀጥቀጥ መንገዳቸውን ያውከዋል፤ እንደ ማንጋኒዝ፥ እንደ ኒኬልና እንደ ኮባልት ካሉ ማዕድናት ኦክሳይድ ተጋግሮ በሚሠራው ሙቀት ለኪ ውስጥ ግን አብዛኞቹ ከየቦታቸው ታስረው ስለሚኖሩ፥ እስራታቸውን የሚፈታው ሙቀቱ ራሱ ነው። ስለዚህ በሞቀ ጊዜ ፍሰትን የመቋቋም ኃይሉ፥ ማለትም ሬዚስታንሱ፥ ይቀንሳል፤ በቀዘቀዘ ጊዜም ይጨምራል። ለውጡም ቀላል አይደለም፤ የፕላቲነም ሽቦ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.4 በመቶ የማይዘል ለውጥ ሲያሳይ፥ ይህች ቅንጣት በበረዶ መቅለጫ አካባቢ ወደ 5 በመቶ ትለወጣለች።

በብዙ ፍሪጆች ውስጥ የሚገኘውን አንዱን ዓይነት ለምሳሌ ብንወስድ፥ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 5 ኪሎ ኦም የነበረው ሬዚስታንስ በ5 ዲግሪ ወደ 13፥ በ0 ዲግሪ ወደ 16፥ ፍሪዘሩ ሊጠብቀው በሚገባው ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ደግሞ ወደ 45 ኪሎ ኦም ከፍ ይላል። ሌላው ፋብሪካ በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም የሆነውን ይመርጣል፤ ስለዚህ የራሱን የፍሪጁን ሠንጠረዥ ሳይዙ መፍረድ አይገባም።

ይህን ሬዚስታንስ እያነበበ ኮምፕረሰሩን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ሙቀትን በራሱ አይቶ አያውቅም፤ እንደ ዳኛ በምስክር ቃል ብቻ የሚፈርድ ነውና፥ ምስክሩ ሐሰት ከተናገረ ፍርዱ ጠማማ ይሆናል። ሽቦው ፈጽሞ ቢበጠስ ሬዚስታንሱ ወሰን የለሽ ሆኖ «የማይታሰብ ብርድ ነው» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ተላጥተው ቢነካኩ ደግሞ «እሳት ነው» የሚል ቃል ይሰማል። እነዚህን ሁለቱን ዘመናዊ ቦርድ ከእውነት እጅግ የራቁ መሆናቸውን ዐውቆ አይቀበላቸውም፤ የስሕተት ምልክት በፊቱ ሰሌዳ ላይ ያሳያል፥ አንዳንዱም ኮምፕረሰሩን በሰዓት ብቻ እያስነሣና እያሳረፈ ምግቡን ለጊዜው ለማዳን ይሞክራል።

አስቸጋሪው ለእውነት የቀረበው ሐሰት ነው። ቦርዱ ያምነዋል፥ የስሕተት ምልክት አይታይም፥ ባለቤቱም ፍሪጁ «ሥራውን አልተወም፤ ግን ልክ አይደለም» ከማለት በቀር የሚለው የለውም። ይህ ሐሰት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ምንጮች ይመጣል። አንደኛው እርጥበት ነው፤ ቅንጣቷ በበረደችና በሞቀች ቁጥር ማሸጊያው በጥቂት በጥቂቱ ይሰነጠቅና ውሃ ይገባባታል፥ ውሃውም በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ለኤሌክትሪኩ ሌላ ቀጭን መንገድ ይከፍትለታል፤ ሬዚስታንሱም ከእውነተኛው ያንሳል፥ ቦርዱም «ገና ሞቃት ነው» ብሎ ኮምፕረሰሩን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። ሁለተኛው ዝገት ነው፤ ሽቦው ከሽቦ የሚገናኝበት መሰኪያ ሲዝግ በመንገዱ ላይ ሌላ ሬዚስታንስ ይደረብና ድምሩ ከእውነተኛው ይበልጣል፥ ቦርዱም «በቂ ብርድ አለ» ብሎ ኮምፕረሰሩን ያለ ጊዜው ያሳርፈዋል።

እንግዲህ የጥፋቱን ምክንያት ከአቅጣጫው መገመት ይቻላል ማለት ነው፤ ከዚህም አልፎ ሒሳቡ የሚገልጠው ሌላ ምሥጢር አለ። ከላይ በጠቀስነው ሙቀት ለኪ ውስጥ የገባው እርጥበት የ100 ኪሎ ኦም መንገድ ከፍቷል እንበል፤ በፍሪጁ ክፍል፥ በ5 ዲግሪ፥ 13 የነበረው ወደ 11.5 ይወርድና ቦርዱ 7 ዲግሪ መሆኑን ያምናል፤ ስሕተቱ 2 ዲግሪ ብቻ ነው። ያው እርጥበት በፍሪዘሩ ቢሆን ግን 45 የነበረው ወደ 31 ስለሚወርድ፥ ከዜሮ በታች 18 የነበረው ከዜሮ በታች 12 ገደማ መስሎ ይታያል፤ ስሕተቱም ከ6 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ዝገቱ 3 ኪሎ ኦም ቢደርብ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፍሪዘሩ በ1 ዲግሪ ያህል ብቻ ሲሳሳት፥ የፍሪጁ ክፍል ግን 5 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ከዜሮ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ መስሎ ስለሚታይ ከ4 ዲግሪ በላይ ይሳሳታል። እርጥበት የሚያይለው በፍሪዘሩ ላይ፥ ዝገት የሚያይለው በፍሪጁ ክፍል ላይ ነው። ይህን በኅሊናው የያዘ ጠጋኝ ገና መፍቻውን ሳያነሣ ግማሹን መንገድ ሄዷል። የዝገቱም ነገር ለጤና የበለጠ ያሰጋል፤ በረዶ የሆነ ጎመን ባለቤቱን ያስቆጣ እንደ ሆነ እንጂ አይጎዳውም፥ ከ4 ዲግሪ በላይ የሰነበተ ሥጋና ወተት ግን ተሕዋስያን የሚራቡበት ነውና።

በረዶውን በራሱ በሚያቀልጠው ፍሪጅ ውስጥ ሌላ ሙቀት ለኪ በበረዶ ሠሪው ቧንቧ ላይ ተያይዞ ይገኛል፤ ይህም እርጥበት ገብቶበት «ሞቋል» ቢል በረዶውን የሚያቀልጠው ማሞቂያ ያለ ጊዜው ይጠፋል፥ በረዶውም እየተቆለለ የነፋሱን መንገድ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ፍሪዘሩ ደኅና ሆኖ ሳለ የታችኛው ክፍል ይሞቃል። ይህን በረዶ በቢላ መፈቅፈቅ እጅግ አደገኛ ነው፤ ቧንቧው ስስ ነው፥ በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ የሚዞረው አይሶቡቴን የተባለው ጋዝም የሚቀጣጠል ነው።

ምርመራው ከቀላሉ ይጀምራል። የበሩ ጎማ በደንብ መግጠሙን፥ የነፋሱ መተላለፊያ አለመታፈኑን ካዩ በኋላ፥ በፍሪጁ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ ውሃ የተሞላ ብርጭቆ አኑሮ ቴርሞሜትር ነክሮ ማሳደር ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ከሚለዋወጠው ነፋስ ይልቅ የውሃው ቃል የታመነ ነው። ልዩነት ከተገኘ ፍሪጁ ከሶኬቱ ይነቀላል፤ ሙቀት ለኪውም ከመሰኪያው ተላቆ በመልቲሜትር ይለካል። የሚለካበትን የታወቀ ሙቀት የሚሰጠን ደግሞ በረዶ ነው፤ የተፈጨ በረዶ በኩባያ ሞልቶ ክፍተቱን በንጹሕ ውሃ ማርጠብ፥ ማማሰል፥ ቅንጣቷንም በስስ ላስቲክ ጠቅልሎ 10 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይበቃል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የፈላ ውሃን በ100 ዲግሪ ቆጥሮ መለኪያ ማድረግ ያሳስታል፤ የበረዶ መቅለጫ ግን በደጋም ሆነ በቆላ ያው 0 ዲግሪ ነው፥ ከፍታው የሚያመጣበት ልዩነት ከዲግሪ መቶኛ እንኳ አይደርስም። ጨው ግን እንዳይነካው፤ ጨው የመቅለጫውን ነጥብ ያወርዳል።

በዚህ ኩባያ ውስጥ ከሠንጠረዡ በ5 በመቶ ያህል የራቀ ቁጥር የ1 ዲግሪ ስሕተት ማለት ነው። ቁጥሩ ካነሰ ቅንጣቷን በፀጉር ማድረቂያ ለብ ባለ ሙቀት አድርቆ ዳግመኛ በበረዶው መለካት ነው፤ ከተሻላት እርጥበቱ ተመስክሮበታል። ቁጥሩ ከበዛ አንድ ጊዜ ከመሰኪያው ላይ፥ አንድ ጊዜ ከቅንጣቷ አጠገብ ካለው ሽቦ ላይ ይለካ፤ የሁለቱ ልዩነት የዝገቱን መጠን ይነግረናል። ሽቦውን በእጅ እያወዛወዙ ሲለኩ ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ በሽቦው ሽፋን ውስጥ የተሰበረ ሽቦ አለ። ሁሉም ደኅና ሆኖ ከተገኘ ጥርጣሬው ወደ ቦርዱ ይዛወራል፤ ይህንንም ለማረጋገጥ በሙቀት ለኪው ፈንታ 12 እና 1 ኪሎ ኦም የሆኑ ሁለት ተራ ሬዚስተሮች ተቀጣጥለው ይሰካሉ፤ ቦርዱ 5 ዲግሪ መሆኑን ካላመነ ጥፋቱ የራሱ ነው።

አዲሱ ሙቀት ለኪ ሲገዛ መልኩን ብቻ ማየት አይበቃም፤ የ10 ኪሎ ኦሙ በ5ቱ ስፍራ ቢገባ ቦርዱ ለዘወትር ብርድ እያየ ይኖራል። ሽቦዎቹ ተጠማዝዘው ብቻ እንዳይተዉ፤ ይበየዱ፥ ውሃ በማያስገባ ማሸጊያም ይሸፈኑ፤ ቅንጣቷም በቀድሞ ቦታዋ፥ ከግድግዳው እንዳትርቅ ሆና ትመለስ። ከዚያ በኋላ ፍሪጁን አንድ ሙሉ ቀን ማቆየትና በብርጭቆው ውሃ ውስጥ ያለውን ቴርሞሜትር እንደገና ማንበብ ነው፤ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፥ ነገር ግን ከዜሮ በላይ ከሆነ ኮምፕረሰሩንም ጋዙንም የሚነካበት ምክንያት የለም።