አባባ ተስፋዬ መጀመሪያ ተዋናይ ነበሩ!

ዛሬ ሥራ ቦታ ለአንድ የመታሰቢያ ዝግጅት የተጻፈ ጽሑፍ «እስቲ እየው» ተብሎ ተሰጠኝ። ገና ሲጀምር፦ «ተረት ነጋሪው ተስፋዬ ሳህሉ ሥራቸውን በ1957 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ጀመሩ» ይላል። ደሜ ፈላ! በ1957 የተጀመረው እኮ ቴሌቪዥኑ ነው። እሳቸውማ በ1915 የተወለዱ፣ ያኔ በመድረክ የታወቁ ሰው ነበሩ። እንግዲህ በቅደም ተከተል፦

1. ማዘጋጃ ቤት፣ ቀጥሎ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ። ይተውናሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ሙዚቃ ይጫወታሉ፣ ምትሃት ያሳያሉ።

2. ኮሪያ ድረስ ሄደው እዚያ የዘመቱትን የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች አዝናንተዋል።

3. ሴት ሆነው ተውነዋል። እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

አሁን ወንድ ቀሚስ ከለበሰ ሳቅ ነው፤ ድምፅ ማቅጠን፣ ወገብ ማውዛወዝ፣ አለቀ። ያኔ ግን መድረክ መውጣት ለሴት ልጅ እንደ ነውር ስለሚታይ ተዋናይት አትገኝም ነበር። ስለዚህ ወንዱ የምር እናት፣ የምር ሙሽራ መሆን ነበረበት። ተመልካቹ ያለቦታው ከሳቀ ቴአትሩ ፈረሰ።

የትወና ተማሪዎቼን ይህን አሠራቸዋለሁ፦ ነጠላ ልበሱና ተቀመጡ፤ ድምፃችሁን እንዳትነኩ። ነጠላው ከትከሻ ሲንሸራተት፣ ዓይን ሳይከተለው፣ ወሬ ሳይቋረጥ የሚመልሰው እጅ ነው ሴትዮዋን የሚያመጣት። አብዛኞቹ ነጠላውን ቁልቁል ያዩታል። በቃ፣ ሴትዮዋ ሄደች።

ደግሞ ተረቱስ ቢሆን? ጅቡንም ጦጣዋንም አሮጊቷንም በአንድ ጉሮሮ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ያመጣው ያው የመድረክ ሰው ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱም እንዲሁ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልቦለድ በራዲዮ ስለተረከ እሱ ብቻ ይነሣለታል። የተቀረጸው ይታወሳል፣ መድረክ ላይ የቀረው ይረሳል።

ማን ይመዝግበው? ሰው ሲሞት ባነር ለማሠራት መሥሪያ ቤቶቻችንን የሚቀድም የለም። አንድ መሥሪያ ቤት ለማስተማሪያ የቆየ ፎቶ ፍለጋ ብሄድ «ደብዳቤ አምጣ»፤ ደብዳቤ ባመጣ «ቁልፍ ያዡ ፈቃድ ላይ ነው»። እስካሁን ፈቃድ ላይ ነው መሰለኝ!

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ። ስለሳቸው የምትጽፉ፣ «ተዋናይ» የሚለውን አስቀድሙ። ቤታችሁ የድሮ ቴአትር ፎቶ ወይም የመግቢያ ወረቀት ያላችሁ ደግሞ እንዳትጥሉት፤ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ።