ሥራ እስኪገኝ ድረስ ጊዜያችንን በምን እናውለው?

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ የሚነገረው ለፌዝ ነው። ደኅና ቆቡን ቀዶ መልሶ የሚሰፋ ሰው ቀኑን አመሸ እንጂ ሥራ ሠራ አይባልምና። እኛ ግን ዘንድሮ ይህን ተረት ስንሰማው እንደ ቀድሞው አያስቀንም። ከእኛ አንድ ዓመት ቀድመው ከተመረቁት ጓደኞቻችን ብዙዎቹ ዛሬም ወደ ግቢያችን እየመጡ ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው እናያቸዋለን። የመውጫ ፈተናውን አልፈዋል፤ ዲግሪያቸውን ተቀብለዋል፤ ጋዎን ለብሰው ከእናቶቻቸው ጋር ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ሥራ ግን አላገኙም። የእኛም ተራ ሩቅ አይደለም።

ይህ ጽሑፍ የሥራ ማግኛ ዘዴ አያስተምርም። የሥራ መጥፋት መድኃኒቱ ሥራ መፍጠር ነው፤ ይህም የአገር ኢኮኖሚ ጉዳይ ስለ ሆነ በአንድ ሰው የቀን ፕሮግራም አይፈታም። እኛ የምንመረምረው ከዚያ ያነሰውን፣ ነገር ግን በእጃችን ያለውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሥራ እስኪገኝ ድረስ ያለው ጊዜ ለምን ይባክናል? እንዳይባክንስ ምን ማድረግ ይቻላል? የሚል ነው።

ሁላችንም በፈተና ሰሞን «ጊዜ ባገኝ ያንን መጽሐፍ አነብ ነበር፤ ቋንቋ እማር ነበር» ስንል እንሰማለን። የጎደለን ጊዜ ብቻ ይመስለናል። ይህ አሳብ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። በኦስትሪያ አገር፣ ከቪየና ከተማ አጠገብ፣ ማሪየንታል የምትባል ትንሽ የሠራተኞች መንደር ነበረች። የመንደርተኛው ኑሮ የተመሠረተው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ፋብሪካው መዘጋት ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈጽሞ ቆመ። ማሪ ያሆዳ፣ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1931 መጨረሻና በ1932 መጀመሪያ ወደዚያ ሄደው የሕዝቡን ኑሮ መረመሩ፤ ውጤቱንም በ1933 በመጽሐፍ አወጡት። በዚያን ጊዜ ከ478ቱ የመንደሩ ቤተሰቦች ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ቤቶች ውስጥ አንድም ሥራ ያለው ሰው አልነበረም።

እነዚያ ሠራተኞች ጊዜ አገኙ። ታዲያ ምን አደረጉበት? መንደሩ የሠራተኞች ቤተ መጻሕፍት ነበረው። በፊት መጽሐፍ ለመዋስ ትንሽ ገንዘብ ይከፈል ነበር፤ በኋላ ያ ክፍያ ቀረ። ሆኖም የሚዋሱት መጻሕፍት ቁጥር በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ወረደ። ተመራማሪዎቹ በመስኮት ሆነው የመንገደኛውን አካሄድ ቢመለከቱ ወንዶቹ እርምጃቸው ዝግ ያለ ነው፤ በአጭሩ መንገድ ላይ ደጋግመው ይቆማሉ። አብዛኞቹም ሰዓት መያዝ ትተዋል። ቀኑን በየሰዓቱ ምን እንደ ሠሩበት በወረቀት እንዲጽፉ በተጠየቁ ጊዜ ከመነሣት፣ ከመብላትና ከመተኛት በቀር የሚያስታውሱት እጅግ ጥቂት ነበር። ሚስቶቻቸውም ባሎቻቸው ምንም ሥራ ሳይኖራቸው ለምሳ በሰዓቱ እንደማይመጡ ያማርሩ ነበር።

እዚህ ላይ መሳሳት አይገባም። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ፋብሪካው ሳለ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ድህነቱም ቀላል አልነበረም፤ የሚሰጣቸው ድጎማ ትንሽ ነበር፤ የተራበ ሰው ደግሞ አሳቡ ከመጽሐፍ ላይ አያርፍም። ነገር ግን ከገንዘቡ ሌላ አንድ ነገር አብሮ ጠፍቶ ነበር። ያሆዳ ይህን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመችው መጽሐፍ አብራርታዋለች። ሥራ ከደመወዙ በላይ አምስት ነገሮች ይሰጣል፤ ቀንን በሰዓት ይከፋፍላል፤ ከቤተሰብ ውጭ ከሰው ያገናኛል፤ ከራስ የሰፋ ዓላማ ተካፋይ ያደርጋል፤ በሰው መካከል ስምና ስፍራ ይሰጣል፤ ዘወትርም ያንቀሳቅሳል። ሥራ ሲጠፋ አምስቱም አብረው ይጠፋሉ። የማሪየንታል ወንዶች ያገኙት ነፃ ጊዜ ሳይሆን ዳር ድንበር የሌለው ጊዜ ነበር። አጥር የሌለው ማሳ የከብት መረማመጃ እንደሚሆን፣ ቀጠሮ የሌለው ቀንም እንዲሁ ሆነ።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ ልዩ ነበር። ሴቶቹ ደመወዝ አጡ እንጂ ሥራ አላጡም። ምግብ ማብሰሉ፣ ልብስ ማጠቡና መጣፉ፣ ልጅ ማሳደጉ ይጠብቃቸው ነበርና ቀናቸው ሰዓት ነበረው። ይህን ስናነብ የየራሳችንን ቤት ማሰብ ይገባናል። ወንድምና እህት አብረው ተመርቀው አብረው ሥራ ሲያጡ ወንድም ከበር ላይ ተቀምጦ «ሥራ ፈታሁ» ይላል፤ እህት ግን ከማለዳ እስከ ማታ በማድ ቤት ትውላለች፤ ማስታወቂያ የምታይበት ጊዜ እንኳ የላትም። እርሱ በጊዜ ብዛት ሲጨነቅ እርሷ በጊዜ እጦት ትጨነቃለች። ውኃ መቅዳቱንና እንጀራ መጋገሩን ቢካፈሉ የሁለቱም ችግር በአንድ ጊዜ ይቃለል ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ለራስ ብቻ የተገባ ቃል ቀንን አጥብቆ ሊይዝ አይችልም። «ነገ በሁለት ሰዓት ተነሥቼ አነባለሁ» ያልን እንደ ሆነ ብንተኛ የሚቀየመን የለም። በሁለት ሰዓት የሚጠብቀን ሰው ካለ ግን እንነሣለን። ጊዜን የሚጠብቀው አጥር የሌላ ሰው መጠበቅ ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በአካውንቲንግ የተመረቀ አንድ ጓደኛችን ስምንት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠ። ማስታወቂያው ሁሉ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ «0 ዓመት» የሚለው ሲገኝ ደግሞ ተመዝጋቢው ብዙ ነው። «ምን ትሠራለህ?» መባልን ፈርቶ በሰፈሩ በቀን መውጣት ትቶ ነበር። አንድ ቀን የእድራቸው ገንዘብ ያዥ ዓይናቸው ደክሞ ኖሮ «ልጄ፣ እስቲ ይህን መዝገብ አብረኸኝ እይልኝ» አሉት። መዝገቡ የብዙ ዓመት መዋጮ የተደባለቀበት ነበር። በየሳምንቱ እሑድ ከስብሰባው በፊት እየተገናኙ ገቢና ወጪውን ለይቶ አዲስ መዝገብ አዘጋጀላቸው። ደመወዝ አልተከፈለውም። ነገር ግን እሑድ ዝግጁ ለመሆን ቅዳሜ ይሠራል፤ ቅዳሜ ለመሥራት ዓርብ ማታ በጊዜ ይተኛል። ሰፈሩም «ሥራ ፈቱ ልጅ» ማለቱን ትቶ «የእድራችን ሒሳብ አዋቂ» ይለው ጀመር። ሥራ ያገኘው ከዚያ ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ እድሩ አስገኘለት አንልም። ፈተና ተጠርቶ በሄደ ጊዜ ግን ቀና ብሎ እንደ ገባ ራሱ ነግሮናል።

ትምህርትን ለሌላው ማዋል ለዚህ አገር ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዚያን ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ የሚበዙትም አስተማሪዎች ሆነው ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ዓመት ባይታወጅልንም በየሰፈራችን የምንሠራው አናጣም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፤ ለራሳችንም ጭምር ነው።

አንደኛ፣ ለአንድ ሳምንት የማሪየንታልን ወረቀት እንሙላ። በየሰዓቱ ምን እንዳደረግን ሳንዋሽ እንጻፍ፤ ስልካችንን ስንነካካ ያለፈውንም ሰዓት ጭምር።

ሁለተኛ፣ ሥራ ፍለጋው ራሱ ሰዓት ይኑረው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጠዋት ማስታወቂያ ለማየትና ማመልከቻ ለመጻፍ ይመደብ። ቀኑን ሙሉ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ እንቢ ሲባል ይውላልና።

ሦስተኛ፣ ከሌላ ሰው ጋር ቢያንስ ሁለት ቋሚ ቀጠሮ እንያዝ። የጎረቤት ልጆችን ለስምንተኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ማዘጋጀት፣ የእድር መዝገብ መያዝ፣ ማንበብ ለማይችሉ አዛውንት ደብዳቤ ማንበብና መጻፍ ሁሉም በሰዓት የሚሠራ ነው። ማንበብ የሚሻም ብቻውን አያንብብ፤ በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ በተከፈተው በአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወይም በአቅራቢያው ባለው ከአንድ ጓደኛው ጋር ተቀጣጥሮ ያንብብ።

አራተኛ፣ ነፃ አገልግሎትና ብዝበዛ ይለዩ። ትርፍ ለሚያገኝ ድርጅት «ልምድ ታገኛለህ» እየተባልን ያለ ደመወዝ የምንሠራ ከሆነ መጀመሪያውና መጨረሻው ቀን በጽሑፍ ይታወቅ፤ የልምድ ማስረጃም ይሰጠን።

ይህን ሁሉ ብናደርግም ሥራ አጥነት ሥራ አጥነት ነው። የቤት ኪራይ በእድር መዝገብ አይከፈልም፤ ጊዜውን በሚገባ የተጠቀመ ሰውም ሥራ የመጠየቅ መብቱን አልተወም። ነገር ግን በቋንቋችን «ሥራ አጥ» እና «ሥራ ፈት» የሚባሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ያላገኘ፣ ሁለተኛው የተወ ነው። የመጀመሪያው ቀስ በቀስ ሳያውቀው ወደ ሁለተኛው እንዳይለወጥ መጠበቅ የጓደኞቹም ግዴታ ነው። ነገ ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ የተቀመጠውን ጓደኛችንን ስናይ «ሥራ አገኘህ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ማክሰኞ በአራት ሰዓት ትረዳኛለህ ወይ?» እንበለው።

መነኩሴውም ቢሆን ጥፋቱ መስፋቱ አልነበረም። መርፌም ክርም ጊዜም ነበረው። የራሱን ቆብ ከሚቀድ ይልቅ የተቀደደ ቆብ ያለውን ጎረቤቱን ፈልጎ ቢሰፋለት ኖሮ ማንም ባልሳቀበት ነበር።