ስለ ሃርድ ዲስክ መገልበጥና ስለ ጎደለ የኔትወርክ ድራይቨር

መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ ሁለት ነገር ይጠብቃል። አንደኛው ከአብነቱ አንዲት ፊደል እንዳትቀር መጠንቀቅ ነው፤ ሁለተኛው አዲሱ ቅጅ ከአብነቱ ጋር ተስተያይቶ ሳይታረም አሮጌው ከእጅ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። በዚህ ዘመን ብዙ የጽሕፈት ሥራ ከብራናና ከወረቀት ወደ ላፕቶፕ ገብቷል። የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ፥ የቅኔ ስብስብ፥ የመመረቂያ ጽሑፍ፥ የንብረት መዝገብ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ተከማችቶ ይገኛል። ያ ዲስክ የተበላሸ ዕለት የዓመታት ድካም በአንድ ሰዓት ይጠፋል። ስለዚህ ዲስክ እንዴት እንደሚገለበጥ፥ ከተገለበጠም በኋላ ላፕቶፑ ከኔትወርክ አልገናኝ ቢል ምን እንደሚደረግ ማወቅ ለተማሪ ሁሉ ይጠቅማል።

ቅጅን አስቀድሞ ማዘጋጀት በአገራችን ምሳሌ አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። በዚህም ሥራ ከ8,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ፤ ፊልሙም በአዲስ አበባና በአሜሪካ አገር፥ በሚኒሶታ፥ በኮሌጅቪል ባለው የእጅ ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም (1931–2021) የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር በማዘጋጀት ብዙ ዘመን ደከሙ። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮት ፈነዳ። ቅጅው ግን በሁለት ስፍራ ተጠብቆ ቆየ። የዲስክም ነገር እንዲሁ ነው፤ ዲስኩ ከታመመ በኋላ ከመጨነቅ ይልቅ ጤነኛ ሳለ መገልበጥ ይሻላል።

ፋይል መቅዳትና ዲስክ መገልበጥ አንድ አይደሉም። ፋይል የሚቀዳ ሰው ጽሑፉንና ሥዕሉን ብቻ ይወስዳል፤ ዊንዶውሱና የተጫኑት ፕሮግራሞች አይከተሉትም። ዲስክ መገልበጥ ግን፥ ባለሙያዎች ክሎን ማድረግ የሚሉት፥ የዲስኩን አከፋፈል፥ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚያነበውን ክፍል፥ ፕሮግራሙንና የአማርኛውን መጻፊያ ሳይቀር እንዳለ ያሻግራል። ይሁን እንጂ መልካሙ እንደሚሻገር ክፉውም ይሻገራል፤ ቫይረስ ያለበት ዲስክ ቢገለበጥ ቅጅውም ቫይረስ ያለበት ይሆናል።

ከመገልበጥ በፊት አራት ነገሮች ይሰናዳሉ። አንደኛ፥ የአሮጌው ዲስክ ጤንነት ይመረመራል። ዲስኩ እንግዳ ድምፅ የሚያሰማ ወይም ፋይል ለመክፈት እጅግ የሚዘገይ ከሆነ ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ያብሳል። ለእንዲህ ያለው ዲዲሬስክዩ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይመረጣል፤ እርሱ በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ አውጥቶ የተበላሸውን ክፍል ለኋላ ያቆያል፤ የደረሰበትንም በመዝገብ ስለሚይዝ ሥራው ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለተኛ፥ አዲሱ ዲስክ በመጠኑ ከአሮጌው የማያንስ ይሁን። ሦስተኛ፥ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ፤ ያለዚያ ዲስኩ ተከፍቶ ላይነበብ ይችላል። አራተኛ፥ ዊንዶውስ ፈጥኖ ለመነሣት ሲል በሙሉ ሳይጠፋ የሚቆይበት ልማድ አለውና፥ ሺፍት የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ማጥፋት ይገባል። ባትሪውም የሞላ፥ ቻርጀሩም የተሰካ ይሁን፤ መብራት በመካከል ቢጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ።

ለግልበጣው ክሎንዚላ የተባለው በታይዋን የተዘጋጀ ነጻ ፕሮግራም ያገለግላል። ፕሮግራሙ በፍላሽ ላይ ተጭኖ ላፕቶፑ ከዚያው ፍላሽ እንዲነሣ ይደረጋል፤ አዲሱም ዲስክ በዩኤስቢ ገመድ ይያያዛል። ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊል ይገባል፤ ፕሮግራሙ ምንጩ የትኛው፥ መድረሻው የትኛው እንደ ሆነ ይጠይቃል። ሁለቱን ያቀያየረ ሰው ባዶውን ዲስክ በሞላው ላይ ስለሚገለብጥ ሥራውን በገዛ እጁ ይደመስሳል። ስለዚህ የሁለቱ ዲስኮች የሠሪ ስም፥ የሞዴል ቁጥርና መጠን አስቀድሞ በወረቀት ተጽፎ ከሚታየው ጋር ይመሳከር። ጊዜውንም አስቀድሞ ማስላት ይቻላል፤ 500 ጊጋባይት በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ቢሻገር 83 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በአሮጌው የዩኤስቢ ገመድ በሴኮንድ 35 ሜጋባይት ቢሆን ግን ወደ 4 ሰዓት ይደርሳል።

ግልበጣው ሲፈጸም ላፕቶፑ ጠፍቶ አሮጌው ዲስክ ይወጣል፤ አዲሱም በስፍራው ይገባል። ሁለቱ አንድ መለያ ስለሚይዙ በአንድነት ተያይዘው ቢነሡ ዊንዶውስ ይደናገራል፤ አንዱንም ሊዘጋው ይችላል። ከዚያም ልዩ ልዩ ፋይሎች እየተከፈቱ ይታዩ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጅ ገና ቅጅ አይባልም።

ዲስኩ ወደዚያው ላፕቶፕ ከተመለሰ ኔትወርኩ እንደ ቀድሞው ይሠራል። ችግር የሚመጣው ዲስኩ ወደ ሌላ ላፕቶፕ ሲገባ ወይም ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ነው። ድራይቨር ማለት በዊንዶውስና በኮምፒውተሩ ዕቃ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው፤ የአሮጌው ላፕቶፕ አስተርጓሚ የአዲሱን የዋይፋይ ዕቃ ቋንቋ አያውቅም። ለምሳሌ አንድ ተማሪ ዘመድ ከጅዳ የላከለትን ላፕቶፕ ተቀብሎ የተገለበጠውን ዲስክ ቢያስገባበት፥ ጽሑፉ ሁሉ በቦታው ሳለ ዋይፋዩ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ድራይቨሩን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ይህ ቁልፉን በቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ ዘጋ ሰው መሆን ነው።

መፍትሔው ግን አስቸጋሪ አይደለም። የሚቀናው በአንድሮይድ ስልክ ነው፤ ስልኩ በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ተያይዞ ኢንተርኔቱን በዩኤስቢ የማካፈል ምርጫው ሲከፈት ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይቀበለዋል። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ያለውም በገመድ ይሞክር፤ የዋይፋዩ ድራይቨር ጠፍቶ የገመዱ ሊገኝ ይችላልና። ሁለቱም ካልሆኑ በሌላ ኮምፒውተር የላፕቶፑ ሠሪ ካዘጋጀው ገጽ ድራይቨሩን በሞዴሉ ስም ፈልጎ በፍላሽ ማምጣት ነው። የሞዴሉ ስም ብዙውን ጊዜ ከላፕቶፑ በስተ ታች ተጽፎ ይገኛል። ካልተገኘ በዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበትን ዕቃ ከፍቶ መለያውን ማንበብ ነው፤ የሠሪው ቁጥር 8086 ከሆነ ዕቃው የኢንቴል ነው። ከማይታወቅ ስፍራ የሚመጣ የድራይቨር ፕሮግራም ግን ቫይረስ ይዞ ሊገባ ስለሚችል መራቅ ይገባል።

ከሁሉ የሚሻለው ይህ ሁሉ ሳይደርስ ቀድሞ መሰናዳት ነው። ኢንተርኔቱ በሚሠራበት በአሮጌው ላፕቶፕ ላይ የአዲሱን የኔትወርክ ድራይቨር አውርዶ በፍላሽ ያኖረ ሰው ግልበጣው ሲፈጸም ያለ ጭንቀት ሥራውን ይቀጥላል። አሮጌውም ዲስክ ቢያንስ ለአንድ ወር ሳይነካ፥ ከአዲሱ ተለይቶ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። ያን ጊዜ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ወይም ቢወድቅ የሚጠፋው ዕቃው ብቻ ይሆናል፤ የተጻፈው ግን ይተርፋል።